መሪጌታ ቀለመ ወርቅና የዓሣዎቹ ፓምፕ

በየከተማው፣ ተዘግቶ የተቀመጠ ዕቃ ሲያይ ዕረፍት የሚያጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ራዲዮ ይሁን የልብስ መኪና፣ የወፍጮ ሞተር ይሁን የበር ቁልፍ፣ ለእሱ ሁሉም ያው ነው፤ ውስጡን ሳያይ ካለፈ እህል አይወርድለትም። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አይጠራውም። ዕቃ የተበላሸ ዕለት ራሱ ይመጣል። አንዳንዴም ሳይበላሽ ይመጣና እሱ ሲሄድ ተበላሽቶ ይገኛል።

ለንፋስ መውጫ የደረሷት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው።

መሪጌታ በወጣትነታቸው በድጓ ትምህርት ቤቷ በታወቀችው ቤተ ልሔም ደብር ተቀምጠው ድጓ የተማሩ፣ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። በዚህ ማንም አይከራከራቸውም። ጣጣው የመጣው የሚያገለግሉበት ደብር ድምፅ ማጉያ የገዛ ጊዜ ነው። ማጉያው በበዓል ዋዜማ ድዳ ሆነ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲተያይ መሪጌታ ጆሮአቸውን ሳጥኑ ላይ አስጠግተው አዳመጡ፤ በመቃ መቅረጫ ቢላዋቸው ከፈቱት፤ አንዲት የላላች ሽቦ አግኝተው ቢያጠብቋት ማጉያው አፉን ፈታ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው ሰላም አላገኘም። የዳዊታቸው ማኅደር የነበረችው የቆዳ ከረጢት ካቻቢቴና ፒንሳ ሞላባት፤ ዳዊቱም በፌስታል ተጠቅልሎ ራስጌ ገባ። የከተማው ወጣቶች ከኋላቸው «ሊቀ ፒንሳ» ይሏቸዋል። ሰምተዋል ይባላል። አልተቀየሙም።

አሠራራቸው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ዕቃው ላይ ጆሮአቸውን ያሳርፋሉ። «ዝም በሉ እስቲ፣ እየተናገረ ነው» ይላሉ፤ ቤተሰቡም ትንፋሹን ይውጣል። ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፤ ፍርዱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምንም አልሆነ። የሚከፍተው ሰው ነው ያጣው።» ከዚያ ይከፈታል። ከዚያ ይጸዳል፣ ይነፋል፣ ይጠብቃል፣ ይገጠማል። በመጨረሻ አንዲት ብሎን መሬት ላይ ትቀራለች። መሪጌታ ያነሷታል፣ ብርሃን ላይ አገላብጠው ያዩዋታል፣ ኪሳቸው ይከቷታል። «ትርፍ ናት። ፋብሪካው ፈርቶ የጨመራት ናት።»

ወይዘሮ አዜብ ራዲዮዋን አስጠግና ነበር። ራዲዮው ዳነ፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚይዘው አንድ የዓረብ ጣቢያ ብቻ ሆነ። አቤት ብትል መሪጌታ ሩብ ሰዓት ያህል ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ዜማው እኮ መልካም ነው፤ ምን ጎደለሽ?» አሏት። ከገበያው ጀርባ ያለው ወፍጮ ሲቆምም ማንም ሳይጠራቸው ደርሰው፣ ግማሽ ቀን ዱቄት ለብሰው አስነሡት። ወፍጮው ተነሣ፤ ነገር ግን ወደኋላ ይዞር ጀመር። «እህሉን ወደ ማሳው ሊመልሰው ነው እንዴ፣ የኔታ?» አላቸው ባለወፍጮው። መሪጌታም ሲመልሱ «መዞሩን ነው የጠየቅኸኝ እንጂ ወደየት እንደሚዞር አልነገርከኝም» አሉት።

እውነቱን ለመናገር የሚነኩት ሁሉ አይበላሽም። የትምህርት ቤቱ ደወል እስከ ዛሬ የሚጮኸው በእሳቸው እጅ ነው። የስንቱ ባጃጅ በእሳቸው ፒንሳ ተነሥቷል። ከሁለት አንዱ ይድናል። ችግሩ የትኛው እንደሚድን አስቀድሞ አለመታወቁ ነው።

ስለዚህ ነርስ ሐረገ ወይን ትንሿን ክሊኒክ ስትከፍት የመጀመሪያ መመሪያዋ ስለ ንጽሕና አልነበረም። ካርድ ክፍል የምትሠራውን ሰብለን ጠርታ «መሪጌታ ሲገቡ የተበላሸ ዕቃ ስም እንዳይነሣ» አለቻት። ሰብለም ይህንን አጥብቃ ያዘች። ሚዛኑ ሲዛባ ጨርቅ ያለብሱታል፤ የበሩ እጀታ ሲወልቅ ሰብለ ራሷ በሩ አጠገብ ቆማ ለመሪጌታ ትከፍትላቸዋለች። እሳቸውም በየሳምንቱ ለጉልበታቸው ሕክምና ይመጣሉ፣ ዙሪያውን በዓይናቸው ይፈትሻሉ፣ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ታለፈ።

በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የዓሣ መስታወት አለ። ሐረገ ወይን ባሕር ዳር የሚዘጋ ሆቴል ዕቃ ሲሸጥ አግኝታ ነው ያመጣችው፤ መስታወቱን ሚኒባሱ ጣራ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ሰባቱን ወርቃማ ዓሦች ከነውኃቸው በጀሪካን አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። መንገዱን ሙሉ ረዳቱ «እህት፣ ዘይት ነው?» እያለ ሲጠይቃት ነበር። ያን ጊዜ ዘመዶቿ ቢስቁባትም ኋላ ነገሩ ገባቸው። መርፌ የፈራ ሕፃን ዓሦቹን ሲያይ ለቅሶውን ይረሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ አሉ። እማሆይ ደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒት ግን እንደ ክፉ ነገር ይሸሻሉ። ሐረገ ወይን ስታባብል፣ ስትቆጣ፣ ስትለምን ከርማ አልሆነላትም ነበር። ዓሦቹ ከመጡ ወዲህ ግን እማሆይ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ ከመስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ፤ ከተቀመጡ በኋላ ይለካሉ፤ ከተለኩ በኋላ ኪኒናቸውን እዚያው ይውጣሉ። «ለእነዚህ ፍጥረታት ስል ነው እንጂ ላንቺ አይምሰልሽ» ይሏታል።

በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐረገ ወይን ወደ ክሊኒኩ ስትገባ ሰብለ ከመስታወቱ ፊት ቆማ እጆቿን ታፋትጋለች። ውኃውን እየሳበ የሚያጣራው፣ አየርም የሚያስገባው ፓምፕ ቆሟል። ፈጽሞ ዝም አላለም፤ «እምም» ይላል፣ ግን አይዞርም፣ ውኃም አያወጣም። ዓሦቹ ሁሉ ከታች ለቀው ወደ ላይ መጥተዋል፤ አፋቸውን ከውኃው ፊት አውጥተው ይከፍታሉ ይዘጋሉ።

«መቼ ቆመ?»

«ስገባ እንዲህ ነበር። ባሕር ዳር ደወልኩ። ፓምፕ አለ፣ መኪና ግን የለም። መንገዱ ዛሬም አልተከፈተም።»

የባሕር ዳር መንገድ ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ ነበር። በከተማው ውስጥ እንኳን ይህ ፓምፕ ሊሸጥ፣ ስሙን የሚያውቅ ሱቅ አይገኝም። ሐረገ ወይን ሶኬቱን ነቀለች፣ መልሳ ሰካች፤ «እምም» አለ። በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ «እምም» አለ። ከበስተጀርባዋ እማሆይ ገብተው ኖሮ «ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያዛጉት?» አሉ።

ልትመልስላቸው ስትል በሩ ላይ ሌላ ድምፅ ተሰማ።

«የክሊኒኩ ድምፅ ተለውጧል።»

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጭ፣ ጆሮአቸው ወደ መስታወቱ ዘንበል ብሎ።

ሰብለ ተንደርድራ ከመስታወቱ ፊት ቆመች። ሐረገ ወይንም «ደህና አደሩ የኔታ! ምንም አልሆነም። ዛሬ ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» አለች።

«የጉልበቴ ይደርሳል» አሉ መሪጌታ፤ ከረጢታቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ። «ምንም ካልሆነ ምነው ዓሦቹ አየር ለመኑ?»

«ባሕር ዳር ደውለናል፤ አዲስ ይመጣል።»

«በየትኛው መንገድ?»

እማሆይ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡና «ስጫቸው ሐረግዬ። ከቆመ ነገር በላይ ምን ሊያደርጉት ነው?» አሉ። ሐረገ ወይን የአዜብን ራዲዮ አሰበች፤ ወፍጮውን አሰበች። ዓሦቹን አየች። ከዚያ ሶኬቱን ነቅላ፣ ፓምፑን ከውኃው አውጥታ፣ በነጭ ፎጣ ላይ አድርጋ ሰጠቻቸው። ሦስት ዓመት የጠበቁት መሪጌታ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ ሕፃን ለክርስትና የሚቀበሉ ይመስሉ ነበር።

ፓምፑ ከቡጢ አይበልጥም። አራቱን ብሎኖች ፈትተው ክዳኑን አነሡ። ውስጡ የምትሽከረከር አንዲት ማግኔት አለች፤ ማግኔቷን መሐል ለመሐል ሰንጥቃ የምታልፍ፣ ከክብሪት እንጨት የምትቀጥን ነጭ ዘንግ አለች። የከተማው ውኃ ጀበናና ድስት ላይ የሚጋግረው ነጭ ቅርፊት ማግኔቷን ከነዘንጓ እንደ ሲሚንቶ ይዟታል።

«ነክሷል» አሉ መሪጌታ። «ምንም አልሆነ። የሚከፍተው...»

«ሰው ነው ያጣው» አሉ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች በአንድ ድምፅ።

መሪጌታ ሰብለን አቼቶ እንድታመጣ ላኳት። አቼቶው መጣ፤ ፓምፑ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገባ፤ ነጩ ቅርፊት ፍልቅልቅ ማለት ጀመረ። ይህ ሁሉ እንደ ሰለጠነ ባለሙያ ሥራ ነበር። ሐረገ ወይን እንኳ ልቧ ረጋ። መሪጌታ ራሳቸው «ግማሽ ሰዓት ይቆይ» አሉ። ቢቆይ ኖሮ ይኼ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ሰባቱ ዓሦች ከላይ አፋቸውን እየከፈቱ፣ ክፍል ሙሉ ሰው እጅ እጃቸውን እያየ፣ መሪጌታ ግማሽ ሰዓት እንዴት ይቀመጡ? በአሥረኛው ደቂቃ ማግኔቷን በፒንሳ ያዟት። ትንሽ ጠመዘዙ። እምቢ አለች። ትንሽ ጨመሩ።

«ቀጭ» አለ።

ድምፁ ከጤፍ አይበልጥም፤ ግን ሁሉም ሰማው። ማግኔቷ ወጣች፤ ነጯ ዘንግ ለሁለት ተሰብራ ነበር።

ሐረገ ወይን ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ጠበቀች። ሁሉም ጠበቀ። አሁን ብርሃን ላይ ያዩዋታል፣ ኪሳቸው ይከቷታል፣ ትርፍ ናት ይላሉ ብለው አፍ አፋቸውን አዩ። መሪጌታ ስባሪዎቹን መዳፋቸው ላይ አኑረው ረዘም ያለ ጊዜ ተመለከቷቸው።

«እኔ ሰበርኳት» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው በከተማው አልነበረም። ሐረገ ወይን ግን በዚያች ሰዓት ይህን አላስተዋለችም። እማሆይን እያየች ነበር፤ የእማሆይ ፊት ተለዋውጧል። ወደ መሪጌታ ዞረች።

«በየቤቱ የሰበሩት አልበቃ ብሎዎት ነው? ይቆይ ያሉት ራስዎ አይደሉም? እንዲያው ምናለ አንድ ነገር እንኳ ሳይነኩ ቢያልፉ!»

እንኳን ለሊቅ፣ ለእኩያም የማይነገር ቃል ነው። መሪጌታ ስባሪዎቹን በወረቀት ጠቅልለው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ከረጢታቸውን ወለሉ ላይ እንደተከፈተች ትተው ወደ በሩ ሄዱ። ከደጃፉ ላይ ቆም ብለው፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ውኃውን በጣሳ እየጨለፋችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት። ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል» አሉና ወጡ።

መጀመሪያ የተነሣችው ሰብለ ነበረች። ቀጥሎ ጥርሱን ሊያሳይ ከወደ አርብ ገበያ ከተማ የመጣ አንድ ገበሬ ጉንጩን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ጨለፈ። ቀጥሎ እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ሐረገ ወይን «እርስዎ ይቀመጡ» ብትል «ዛሬ አንቺ አትዘዢኝ» አሏት። ውኃው እየተጨለፈ፣ ከፍ እያለ፣ እየፈሰሰ፣ ወለሉ ራሰ። አንዱ ዓሣ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተቃና። ሐረገ ወይን ታካሚ ታያለች፣ ወጥታ መስታወቱን ታያለች፣ ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ ወደ ቀረችው ከረጢት ይመለሳል። ፒንሳው፣ ሞረዱ፣ የክር ጥቅል፣ ደግሞም በጨርቅ የተቋጠረ አንድ ነገር። ጨርቁ ተፈትቷል። ብሎኖች ነበሩ፤ ከየቤቱ የቀሩት፣ እያንዳንዳቸው በወረቀት ተጠቅልለው፣ በወረቀቱም ላይ በቁም ጽሕፈት «የአዜብ ራዲዮ»፣ «የወፍጮ»፣ «የትምህርት ቤት ደወል» ተብሎ ተጽፎባቸው።

ሐረገ ወይን ቋጠሮውን መልሳ አሰረችው። ከረጢቷንም ከራሰው ወለል አንሥታ ወንበር ላይ አኖረቻት።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ መሪጌታ ተመለሱ። ያ የሚያማቸው ጉልበት ከላይ እስከ ታች ሰፈር ሲያዞራቸው ቆይቶ ኖሯል፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ብስክሌት ጠጋኙ የጎማ ሽቦ ሰጥቷቸው ነበር፤ «ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ውኃውን ይበክላል» ብለው መለሱለት። ሹራብ የምትሠራ ሴት ኪሮሿን አውጥታላቸው ነበር፤ ወፈረ። በመጨረሻ ቻላቸው ከሚባል ሰው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገቡ። አሁን ከጋቢያቸው ስር አንድ እሽግ አወጡ። የበሬ መርፌ ነው፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ የማይዝግ፣ ገና ያልተከፈተ።

«ከስባሪዋ ጋር አስተያይቼዋለሁ» አሉ፤ ሐረገ ወይንን ሳያዩ። «ቁመቱን ከቆረጥነው ልክ ነው። ካልፈቀድሽ ግን አልነካም።»

ሐረገ ወይን ጓንቷን አወለቀች። «እኔ ልያዘው፣ እርስዎ ይሞርዱት» አለች።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ መርፌውን በሕክምና መቆንጠጫ ጥርቅም አድርጋ ያዘች፤ እሳቸው ስባሪዎቹን ወረቀት ላይ ገጥመው ለክተው ቀስ እያሉ ሞረዱ። አልቸኮሉም። ሁለት ጊዜ ቆም ብለው ለኩ። ቅርፊቱ በአቼቶው ረግፎ፣ ማግኔቷ በጥርስ ብሩሽ ታጥባ ጠርታ ነበር። መሪጌታ በመሞረዱ መሐል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እውነት ነው የተናገርሽው። ብዙ ሰብሬአለሁ» አሉ።

«የኔታ፣ እኔ እኮ...»

«ቆይ። እኔ ዜማ ስማር ቃል እሰብር ነበር። እንደኔ የሰበረ ተማሪ አልነበረም። መምህሬ ግን አንድም ቀን ሂድ አላሉኝም። ‹ከመነሻው› ይሉኛል፤ ከመነሻው እጀምራለሁ። ዕቃም እንደዚያ የሚታገሥ መስሎኝ ነው።»

ሐረገ ወይን መርፌውን ለልክ ወደ እሳቸው አስጠጋች።

መርፌው ማግኔቷን ሰንጥቆ ገባ፤ በጣት ሲነኳት ዞረች። ክዳኑ ተገጠመ። ፓምፑ ውኃው ውስጥ ገባ። ሰብለ ሶኬቱን ይዛ ሐረገ ወይንን አየች፤ ሐረገ ወይን መሪጌታን አየች፤ መሪጌታም እማሆይን አዩ። እማሆይ አማተቡ። ሶኬቱ ተሰካ።

«እምም» አለ።

ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ አንድ ጊዜ እንደ ማሳል አድርጎት ውኃውን ወደ ላይ ተፋው፤ ደግሞ ተፋው፤ ቀጥሎ ፏ ብሎ ይወርድ ጀመር። ጥርሱን የታመመው ገበሬ እልል አለ፤ ወንድ መሆኑን ረስቶ። መሪጌታ ብሎኖቹን ፈለጉ። አራት ነበሩ፤ አራቱም ገብተዋል። ወለሉን ቃኙ፣ ኪሳቸውን ፈተሹ፣ ግራ ገባቸው። ሐረገ ወይን የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ወደ እማሆይ ብትቀርብ እማሆይ እጃቸውን ነጠላ ውስጥ ሸሸጉ። «ዛሬስ አትለኪኝም፤ ሥራ ላይ ነው የዋልኩት» አሉ። ኪኒናቸውን ግን ሳይነገራቸው ዋጡ።

መንገዱ ሲከፈት ሐረገ ወይን አዲስ ፓምፕ ከባሕር ዳር አስመጣች። እስከ ዛሬ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ አለ። የበሬ መርፌ ያለው ፓምፕ ትንሽ ያጉረመርማል፤ ሕመምተኞቹ ግን ለምደውታል። የሰብለም መመሪያ ተነሣ። ሚዛኑ ጨርቁ ተገፈፈለት፤ መሪጌታ ከፍተው ጠገኑት፤ አሁን ሁሉንም ሰው ግማሽ ኪሎ ያከሳል፤ የቅሬታ ደብዳቤ ያስገባ የለም።

ከፋሲካ በኋላ መሪጌታ እስቴ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት የክሊኒኩ ዕቃ መቀቀያ ማሽን ቆመና ሐረገ ወይን ከደብረ ታቦር ቴክኒሽያን አስመጣች። ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ገባ፣ ከፈተ፣ አንድ ነገር ለወጠ፣ ዘጋ፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። አንድ ቃል አልተናገረም። ማንም ከወንበሩ አልተነሣም፤ ማንም ትንፋሹን አልያዘም። ማሽኑ እንደ አዲስ ይሠራል። ሐረገ ወይን ሰውየውን አመስግና ሸኘች፤ ግን ከሰዓት በኋላው እንዲያው ረዘመባት።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ስልክ ደወለች።

«የኔታ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ምን ተበላሸ?» አሉ መሪጌታ በችኮላ።

«ኧረ ምንም አልተበላሸም።»

«ፓምፑ?»

«ይሠራል።»

«በሩስ? የማዳመጫሽ ጎማ?»

«ሁሉም ደህና ነው።»

በስልኩ ውስጥ የዶሮ ድምፅና የልጅ ሳቅ ይሰማል።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ።»

«ይኼስ ጤና አይደለም፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ከልብ አዝኗል። «ነገ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ።»

ሐረገ ወይን ስልኩን ዘጋችና ክፍሏን ዙሪያውን ቃኘች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ከግድግዳው ላይ ሰዓቱን አወረደች። ደህና የሚሠራ፣ ደቂቃ የማያዛንፍ ሰዓት ነው። አቧራውን ጠረገችለትና፣ መሪጌታ ሲገቡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።